ሞፈርና መልሕቅ፤ የገመድና የሰንሰለት ምርጫ ከጭላሎ ግርጌ እስከ ላንጋኖ

በአሰላ ዙሪያ የሚያርስ ገበሬ መልሕቅ የሚባለውን ዕቃ በዓይኑ ሳያይ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል። ይሁን እንጂ መልሕቅ እንዴት እንደሚይዝና መቼ እንደሚለቅ ከእርሱ ይልቅ የሚገባው ሰው ጥቂት ነው። ማረሻ መሬት የሚነክሰው በሬዎቹ ስለ በረቱ ብቻ አይደለም፤ ጉተታው የሚመጣበት አቅጣጫ ዝቅ ያለ ሲሆን ነው። ሞፈሩ ከልክ በላይ ካጠረ በሬዎቹ ማረሻውን ወደ ፊት ከመሳብ ይልቅ ወደ ላይ ያነሡታል፤ ብረቱም አፈሩን ይጭራል እንጂ አይገባም። ገበሬው ይህን ለማወቅ የጂኦሜትሪ ትምህርት አላስፈለገውም። እርፉን በጨበጠበት እጁ ያውቀዋል።

ከአሰላ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ ደጋው ያልቅና የስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ይታያሉ፤ ዝዋይ፣ ከዚያም ላንጋኖ፣ ራቅ ብሎም አቢያታና ሻላ። በእነዚህ ውሆች ላይ የመዝናኛ ጀልባ ያለው ሰው ሁሉ ከቶ የማያመልጠው ጥያቄ አለ። ይኸውም መልሕቁን ከጀልባው ጋር የሚያያይዘው ገመድ ይሁን ወይስ ሰንሰለት የሚለው ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው የጥንካሬ ጥያቄ ተደርጎ ነው፤ ‹‹የቱ አይበጠስም?›› ይባላል። የነገሩ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ሰንሰለት በባሕር ላይ ገመድን ያሸነፈው ስለ ጠነከረ ብቻ ሳይሆን ስለ ከበደም ጭምር ነው፤ ክብደቱ ደግሞ የሚጠቅመው በአንዳንድ ውኃ እንጂ በሁሉም አይደለም።

የአርሲ ደጋ በዚህ ጉዳይ ላይ የራሱ የሆነ የሙያ ትዝታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በምሕጻር ስሙ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከማዳረሱ ሌላ የእርሻ መሣሪያዎችን ማሻሻል ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ይዞት ነበር። አፈር ገልባጭ የሆነው የውጭ አገር ማረሻ ሞፈሩ አጭር በመሆኑ ከቀንበሩ የሚያያዘው በሰንሰለት ነው። ያገሩ ማረሻ ግን ረጅም ሞፈሩ ራሱ እስከ ቀንበሩ ይደርስና በምራን ይታሰራል። እንግዲህ በአንድ እርሻ ላይ ብረትና ጠፍር ፊት ለፊት ተገናኙ ማለት ነው። በሰንሰለት የሚጎተተውን ማረሻ ያስተካከለ ባለሙያ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ሰንሰለቱ ሲያጥር ማረሻው ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲረዝም ጠልቆ ይገባል። የአገሩ ሞፈር ያለ ሰንሰለት ያንኑ ሥራ በርዝመቱ ይሠራዋል። ያ የውጭ ማረሻ በየጊዜው ቢሞከርም የአገሩን ማረሻ ከገበሬው እጅ አላስጣለውም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ክብደቱ፣ ዋጋው፣ የመለዋወጫው እጦት። ሆኖም ምራን ያረጀ እንደ ሆነ ገበሬው ከደጁ በሚያገኘው ጠፍር እንደሚተካው፣ የተበጠሰ የሰንሰለት ዘለበት ግን ብየዳ ቤት እንደሚያስኬድ መዘንጋት አይገባም።

ማረሻና መልሕቅ ዘመዳሞች ናቸው መባሉ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1933 የፈለሰፈው መልሕቅ የማረሻ ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ ባለ ጀልባዎችም እስከ ዛሬ ‹‹ማረሻ መልሕቅ›› ይሉታል። ልዩነቱ አንድ ነው። ማረሻ እየነከሰ እንዲሄድ ይፈለጋል፤ መልሕቅ ደግሞ ነክሶ እንዲቆም። ሁለቱም ግን ወደ ላይ ሲሳቡ ይለቃሉ።

በሐይቆቹ ዳር የነበረው ጥንታዊ ልማድ ግን ከሰንሰለትም ከገመድም የቀደመ ነው። በዝዋይ ደሴቶች፣ በቱሉ ጉዶ፣ በገሊላ፣ በደብረ ሲና፣ በፉንዱሮና በጠዴቻ የኖረው የዛይ ሕዝብ በሸምበቆና በመሰል የሐይቅ ዳር ተክል በተሠራ ታንኳ ሲጓዝ ኖሯል። በጣና ላይ ያለው የደንገል ታንኳም የዚሁ ወገን ነው። እንዲህ ያለ ታንኳ በውኃ ላይ ታስሮ አያድርም። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ጉዞው ሲያልቅ ወደ ዳር ተጎትቶ ይወጣና ይደርቃል። ስለዚህ ማታውን የሚያቆመው መልሕቅ ሳይሆን መሬቱ ራሱ ነው። ይህ ብልሃት ለድኽነት የተሰጠ መፍትሔ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጀልባ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ በሌለበት፣ ነፋስ በተነሣበት ሰዓት ነውና፣ ቀላል ጀልባን ከውኃ ማውጣት ዛሬም ከማንኛውም ሰንሰለት ይበልጣል።

በቀይ ባሕር በኩልም ገመድና ብረት የተወዳደሩበት የቆየ ታሪክ አለ። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው የቢዛንጥዮን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፣ በዚያ ባሕር የሚመላለሱት መርከቦች ሳንቃቸው በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ እየተሰፋ የሚያያዝ መሆኑን ጽፏል። በዘመኑ ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲናገር ብረት የሚስቡ ቋጥኞች በባሕሩ ውስጥ ስላሉ ነው ይል ነበር። ፕሮኮፒዮስ ይህን አልተቀበለም። ብረት የበዛባቸው የሮም መርከቦች በዚያው ባሕር ያለ ጉዳት ሲሄዱ እንደሚታዩ ጠቅሶ፣ እውነተኛው ምክንያት የብረት እጦትና ለኢትዮጵያውያንና ለሕንዶች ብረት እንዳይሸጥ የሚከለክለው የሮም ሕግ መሆኑን አስረድቷል። እንደ ታሪክ ጸሐፊነቱ አስተዋይ አነጋገር ነው፤ ነገር ግን የባሕር ሰው ስላልነበረ ሊሆን ይችላል፣ በገመድ የተሰፋ መርከብ ማዕበልና አሸዋ ሲመታው ሳይሰነጠቅ እጥፍ ዘርጋ የሚል መሆኑን አላነሣም። ገመድ ያለው ትልቁ ጸጋ ይህ መለመጡ ነው።

በዚያው ዘመን ሰንሰለትም በታሪካችን ብቅ ይላል። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ወደ ደቡብ ዐረብ በዘመተበት ወራት ግድም፣ እ.ኤ.አ. በ523 የተቀረጸ የሒምያር ድንጋይ ጽሑፍ ‹‹የመንደብ ሰንሰለት›› የሚል ቃል ይዟል። በእርግጥ የብረት ሰንሰለት ነበር ወይስ የምሽጎች ሰልፍ የሚለው ለሊቃውንት አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል።

ወደ መልሕቁ ስንመለስ፣ በዚህ ረገድ ከሚታወቁት ጥንታውያን ማስረጃዎች አንዱ የዩሊዮስ ቄሣር ጽሑፍ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ56 ዓመት ቄሣር በዛሬይቱ ፈረንሳይ ምዕራባዊ ዳርቻ የወጋቸው ቬኔቶች የተባሉት ሕዝቦች መልሕቃቸውን የሚያስሩት በገመድ ፋንታ በብረት ሰንሰለት እንደ ነበረ ይናገራል። እርሱ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ብሪታንያ ሲሻገር ማዕበል መጥቶ ከመርከቦቹ ከፊሉን ሰበረ፤ የቀሩትም ገመዳቸውንና መልሕቃቸውን አጡ። ከጠላት ያየውን አልወሰደም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ አሥራ ስምንት መቶ ለሚጠጉ ዓመታት የአውሮፓ መርከቦች በሔምፕ ገመድ ሲታሰሩ ኖሩ። የአንድ ታላቅ የጦር መርከብ የመልሕቅ ገመድ ዙሪያው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ሲረጥብ ይከብዳል፤ ረጥቦ በመርከቡ ሆድ ሲከማች ይበሰብሳል፤ በቋጥኝ ላይ ሲታሽ ይተለተላል። እርሱን ለመሳብ እጅግ ብዙ ሰው ያስፈልግ ነበር። የሰንሰለት መልሕቅ ማሰሪያ በሰፊው ሊሠራበት የቻለው የብረት ኢንዱስትሪ ሲያድግ ነው። ሳሙኤል ብራውን የተባለ የብሪታንያ የባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1808 የብረት ሰንሰለት ሥራ የፈጠራ መብት አወጣና ‹‹ፔነሎፒ›› በተባለች መርከብ ላይ ሞከረው። ብዙ ሳይቆይ የባሕር ኃይሉ ሰንሰለትን ተቀበለ። ይኸው ብራውን በ1820 በእንግሊዝና በስኮትላንድ ወሰን በትዊድ ወንዝ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ድልድይ መሥራቱን መሐንዲሶች ያስታውሳሉ። በአንድ እጁ መርከብ በሌላው መንገድ ያንጠለጠለ ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

ድልድይም ሆነ መልሕቅ፣ የተንጠለጠለ ሰንሰለት የሚሠራው መስመር ምን ዓይነት እንደ ሆነ የታወቀው ከብራውን ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1691 ሆይኸንስ፣ ላይብኒትስና ዮሐን ቤርኑሊ እያንዳንዳቸው ለጥያቄው መልስ ሰጡ። የዚህ መስመር ዋና ጠባይ ለባለ ጀልባ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰንሰለቱ ከጀልባው ፊት ወደ ታች ይወርድና በክብደቱ ጎብጦ መጨረሻው በሐይቁ ወለል ላይ ይተኛል። የተኛው ክፍል መልሕቁን አግድም ይስባል። ነፋስ ሲበረታ ጀልባው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሲሸሽም ከወለሉ ላይ ዘለበት በዘለበት እያነሣ ይሄዳል። የመጨረሻው ዘለበት እስኪነሣ ድረስ መልሕቁ ወደ ላይ የሚስበው ነገር መኖሩን አያውቅም።

ይህን በቁጥር ማየት ይበጃል። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰንሰለት በሜትር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በውኃ ውስጥ 1.2 ገደማ ይሆናል። ከጀልባው አፍንጫ እስከ ወለሉ 5 ሜትር ቢሆንና 25 ሜትር ሰንሰለት ቢለቀቅ፣ የመጨረሻው ዘለበት ከመሬት የሚነሣው የጀልባው አግድም ጉተታ 73 ኪሎ ግራም ሲደርስ ነው። የተለቀቀው 15 ሜትር ብቻ ከሆነ ግን 24 ኪሎ ግራም ይበቃዋል። በሌላ በኩል ለነፋስ የሚያቀርበው ገጽ 3 ካሬ ሜትር የሆነ ጀልባ በሴኮንድ 10 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ወደ 19 ኪሎ ግራም፣ በ20 ሜትር ነፋስ ደግሞ ወደ 75 ኪሎ ግራም ይገፋል፤ የነፋሱ ፍጥነት ሲያጥፍ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። እንግዲህ 25 ሜትር ሰንሰለት የሚበቃው እስከዚያ ብርቱ ነፋስ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱ እንደ ብረት ዘንግ ይወጠራል፤ በዚያ ላይ ሞገድ ሲጨመርበት እያንዳንዱ ሞገድ ጀልባውንና መልሕቁን ያለ ምንም ማለዘቢያ ይነጥቃቸዋል። ስምንት ሚሊ ሜትሩ ሰንሰለትም ሆነ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስ የናይለን ገመድ ለመበጠስ ከ2 ቶን በላይ ይጠይቃሉ። ጀልባውን የሚያጠፋው መበጠስ ሳይሆን መነቀል መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ገመድ ወደ ውድድሩ የተመለሰው በኬሚስቶች እጅ ነው። ዋላስ ካሮዘርስ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ናይለንን ሠራ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከጃንጥላ ጨርቅ ሌላ ለገመድ ዋለ። ናይለን እንደ ቃጫና እንደ ሔምፕ አይበሰብስም፤ ሲወጠር ይለጠጣል፤ ሰንሰለት በክብደቱ የሚሠራውን የማለዘብ ሥራ እርሱ በመለጠጡ ይሠራዋል። አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትሩ በሜትር ከአንድ ኪሎ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሚመዝን ግን ወለል ላይ አይተኛም፤ ከመልሕቁ እስከ ጀልባው ቀጥ ይላል። ስለዚህ ማዕዘኑን ዝቅ ለማድረግ ያለው መንገድ ርዝመት ብቻ ነው። የገመዱ ርዝመት የጥልቀቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ጉተታው ከወለሉ በ19 ዲግሪ ይነሣል፤ ሰባት እጥፍ ቢሆን በ8 ዲግሪ። ሰባት እጥፍ የሚለው የባለ ገመዶች ደንብ የመጣው ከዚህ ነው። የአሰላው ገበሬ ሞፈሩን ያስረዘመው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ከነፃው የሒሳብ ዓለም ወደ አርሲ ሐይቆች ሲመጣ ደንቡ እንደየውኃው መልኩን ይለዋውጣል። ዝዋይ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ 2.5 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ውኃ ሰባት እጥፍ ገመድ ማለት ሃያ ሜትር አይሞላም፤ ርካሽ ነው፤ ቀላል ነው። ወለሉም አብዛኛው ደለል ነው፤ ከጭላሎና ከገለማ ተራሮች የሚወርደው የከታር ወንዝ ከእርሻው ጠርጎ ያመጣው አፈር ጭምር አለበት። በደጋው ማረሻ ያረሰውን አፈር በቆላው መልሕቅ እንደ ገና ያርሰዋል ማለት ነው። ደለል ለስላሳ ስለሆነ መልሕቅ ቶሎ ይገባበታል፤ ቶሎም ይንሸራተትበታል። ስለዚህ በዝዋይ የመልሕቁ ሰፊነት ከሰንሰለቱ ክብደት ይልቅ ይቆጠራል። እንቦጭ ወደ ሐይቁ ከገባ ወዲህ ደግሞ ነፋስ የሚነዳው የአረም ክምር በገመዱ ላይ ሲጠመጠም ጉተታውን በብዙ ስለሚያከብደው፣ ጀልባን ያለ ጠባቂ በመልሕቅ ማሳደር የማይመከር ሆኗል።

የመዝናኛ ጀልባ ጥያቄ በእውነት የሚነሣው በላንጋኖ ነው። ሐይቁ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው በመባሉና ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመራቁ፣ የበቀለ ሞላን ሆቴል የመሰሉ ማረፊያዎች በዳርቻው ከተሠሩ ወዲህ ዋናተኛና ባለ ጀልባ የሚገናኙበት ስፍራ ሆኗል። አማካይ ጥልቀቱ 17 ሜትር ያህል ነው፤ ከመካከል ከ45 ሜትር ያልፋል። ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛው ውኃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበል ይሆናል። እዚህ ሰንሰለት ብቻ የሚል ሰው ሒሳቡን ማየት አለበት። ሃያ ሜትር ጥልቀት ላይ ስልሳ ሜትር ሰንሰለት ቢለቀቅ ግሩም ይዞታ አለው፤ ግን 84 ኪሎ ግራም ነው። በስድስት ሜትር ጀልባ አፍንጫ ላይ አንድ ወፍራም መንገደኛ ሁልጊዜ ተቀምጦ እንደሚሄድ ያህል ነው፤ ይህ መንገደኛ ደግሞ ሞገድ ሲመጣ ፊቱን ወደ ውኃው ይደፋዋል። ያለ መጠምጠሚያ መሣሪያ በእጅ መሳቡም ነፋስ በተነሣ ጊዜ የሚሞከር አይደለም። ያን መልሕቅ ቶሎ ማንሣት ያቃተው ሰው ተሳፋሪዎቹን ይዞ በማዕበሉ ፊት ይቆያል።

ገመድ ብቻ የሚለውም በዚያው ሐይቅ የራሱ ፈተና አለው። በዝዋይና በላንጋኖ መካከል የቆመው አሉቶ እሳተ ገሞራ ነው፤ ባልጩት ድንጋይ በዙሪያው በብዛት ይገኛል። ባልጩት የጥንት ሰው ቢላዋ ነበር። ጀልባ ሌሊቱን ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ከወለሉ አጠገብ ያለው የገመዱ ክፍል በእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ቢታሽ የ2 ቶን ጥንካሬው ምንም አይፈይደውም። ስለሆነም ለላንጋኖ የሚበጀው፣ በዓለምም የትናንሽ ጀልባዎች ልማድ የሆነው፣ ሁለቱን ማቀናጀት ነው። ከመልሕቁ ቀጥሎ ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ሰንሰለት ይሆናል፤ እርሱም ድንጋዩን ይቋቋማል፤ የጉተታውንም ማዕዘን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ በላይ ያለው ናይለን ይሆናል።

በላንጋኖ የሚታለፍ ሌላ ነገር ዙረት ነው። ረጅም ገመድ የለቀቀ ጀልባ ነፋሱ ሲዞር ሰፊ ክብ ይዞራል፤ ሰንሰለት የለቀቀው ግን ብዙም ከቦታው አይርቅም። ሁለቱ በአንድ የመዋኛ ዳርቻ ጎን ለጎን ቢቆሙ ነፋስ አቅጣጫውን በለወጠ ጊዜ ይጋጫሉ፤ በመካከላቸው ዋናተኛ ካለም አደጋው የከፋ ይሆናል። ስለዚህ ምርጫው የአንድ ባለ ጀልባ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአንድ ዳርቻ የሚቆሙ ሁሉ ምን እንደ ለቀቁ መጠያየቅ ይኖርባቸዋል።

ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል። ከዳር ሲርቁ መልሕቅን መርሳት ነው።

ሙሉ በሙሉ በሰንሰለት የሚታሰሩ ጀልባዎችም ቢሆኑ አንድ ነገር ከገመድ ያስቀራሉ። የሰንሰለቱ የመጨረሻ ጫፍ ከጀልባው አካል ጋር የሚታሰረው በብረት ማያያዣ ሳይሆን በአጭር ገመድ ነው፤ ርዝመቱም ሰንሰለቱ ሁሉ ሲያልቅ ገመዱ ከጀልባው ወለል በላይ እንዲታይ ተደርጎ ይለካል። ሌላ ጀልባ እየተንሳፈፈ ሲመጣ፣ ወይም መልሕቁ ከቋጥኝ ሥር ተወሽቆ ማዕበሉ ጀልባውን ሊያሰጥም ሲደርስ፣ ያን ሁሉ ብረት ለመልቀቅ የሚያስፈልገው አንድ የተሳለ ቢላዋ ነው።